የቡታጅራው የጋራ ድስት

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ከወልቂጤ ገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ መጣች። እኔ በረንዳው ላይ ጉልበቴን ፀሐይ እያሞቅኩ ነበር። ድስቱን ልታሟሽ እሳት ላይ ስትጥደው ያ የትኩስ ሸክላ ሽታ፣ ዝናብ ደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን የሚመስለው፣ በኩሽናው በር ወጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ምራቴ ብቅ ብላ፣ «እማዬ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለችኝ። «ቡታጅራ ሄጄ ነው» አልኳት። ሳቀች። አሮጊት ነገር ትዝ ሲላት እንደዚህ እንደምትል ለምዳዋለች። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ቡታጅራ ደርሼ፣ ከአውቶብስ ወርጄ፣ የወጣትነት ቀሚሴን አቧራ እያራገፍኩ ነበር።

ከጎጃም የመጣሁ የባልትና አስተማሪ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ምደባዬ ነው። ጓዜ አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና እናቴ የቋጠረችልኝ ድርቆሽ ብቻ። መናኸሪያው ውስጥ ከማረቆ የመጣ በርበሬ በጆንያ ተደርድሮ አላፊ አግዳሚውን ያስነጥሳል። በዋናው መንገድ የፈረስ ጋሪዎች ይርመሰመሳሉ፤ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ጨሌ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ነበራቸው። ማዕዘኑ ላይ ፎቶ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ባሕርና መርከብ ተሥሎበት፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሁሉ እዚያ ፊት ቆሞ ይነሣል። ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ሙዚቃ ቤት አለ፤ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ፍቅር ሲያለቅስ ይውላል። ጎረምሶቹ አፍሯቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው፣ ሰፊ እግር ያለው ሱሪያቸው መንገዱን እየጠረገ፣ እኛን አስተማሪዎቹን አጮልቀው ያዩናል። እኛም ቴትሮን ቀሚሳችንን በከሰል ካውያ ተኩሰን ሳንታይ አንቀርም። አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ፣ ጎመን ደግሞ ክንድ ሙሉ ታቅፈሽ ሻጯ ትመርቅልሻለች። ያኔ የወር የቤት ኪራዬ የነበረው ብር ዛሬ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አይገዛም። አሁን በዚያው መንገድ ባጃጅ ይሽከረከራል፤ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። ጥሩ ነው፤ አላማርርም። ግን የፈረሶቹ ቃጭል ይናፍቀኛል።

ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የበልግ ዝናብ ለሁለተኛ ዓመት የቀረበት ጊዜ ነበር ብቻ። ሬዲዮው ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር። እንሰት ያለው ደገኛ ጓሮውን እየቆፈረ ተቋቋመው፤ በቆሎውን የሚጠብቀው ቆለኛ ግን ባዶ እጁን ቀረ። ሰዎቹ በአቧራማው መንገድ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ከተማ ወጡ። መጀመሪያ በሱቆች በረንዳ፣ ከዚያ በመስጊዱ አጥር ሥር፣ ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠለሉ። ትዝ የሚለኝ ዝምታቸው ነው። የተራበ ሰው የሚጮህ ይመስለኝ ነበር፤ አይጮህም።

በከተማው ሁሉም የሚያከብራቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ቄስ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ከቡኢ በኩል የመጡ የክስታኔ ጉራጌ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ። ሲናደዱ ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋሉ። ሁለተኛው ሼህ በድሩ ናቸው፤ የመስቃን ሰው፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሲስቁ ግን ሆዳቸው የሚንቀጠቀጥ። ቄሱ የራሳቸውን ድሆች፣ ሼሁም የራሳቸውን ለየብቻ ያበሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቄሱ ማገዶ እንጂ እህል አልቀራቸውም፤ ሼሁ ከነጋዴዎች የመጣ እህል እንጂ የሚያበስሉበት ቦታ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ሁለቱም ሳይነጋገሩ ወደ እኛ ትምህርት ቤት መጡና ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ተገናኙ። ርዕሰ መምህሩ ያረጀውን መጋዘን ሰጣቸው። እኔንም፣ «የባልትና አስተማሪ አይደለሽ? ሂጂ አብስዪላቸው» አለኝ።

የመጀመሪያው ስብሰባ በሦስተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደረገ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አንድ በሬ አለኝ» አሉ ሼህ በድሩ። «ነጋዴዎቹ ለድሃው ያወጡት ነው። ነገ ይታረዳል፣ ኢንሻአላህ።»

«ማን ያርደዋል?» አሉ ቄሱ።

«እኛ ነና።»

«እናንተ ካረዳችሁት የእኔ ሰዎች አይቀምሱትም። እኛ ካረድነው የእርስዎ ሰዎች አይቀምሱትም። ደግሞስ ዐቢይ ጾም ነው እኮ፣ ሼህ!»

«እና ምን ይሁን አባ? ግማሹን እርስዎ ይረዱት፣ ግማሹን እኔ?»

ቄሱ ጥምጥማቸውን ገፋ አደረጉ። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ሥጋውስ ቢቀር? የባቄላ ሾርባ፣ ጎመንና ቆጮ። በዘይት» አልኩ።

ሼህ በድሩ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ጎመን ያለ ቅቤ? ልጄ፣ ጉራጌ አገር እንደመጣሽ የነገረሽ ሰው የለም?»

ያኔ ቄሱ ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። በሬው በባቄላ ተለወጠ፤ የጋራው ድስትም በዚህ ተጀመረ።

ትልልቅ ድስት ግን አልነበረንም። የትምህርት ቤቱ ብረት ድስት ለአስተማሪዎች ሻይ እንጂ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አይሆንም። ድስቶቹን ያመጣችልን ትርፌ የምትባል ሸክላ ሠሪ ናት። ከከተማው ዳር፣ ሸክላ ሠሪዎችና እንጨት ጠራቢዎች ለብቻቸው ከሚኖሩበት መንደር ነው የመጣችው። ያኔ የሚጠሩበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስድብ ነው። የአገሩ ልማድ እንዲህ ነበር፤ ሰው ቤት ሲሠራ ምሰሶውን ጠርበው የሚያቆሙለት እነሱ ናቸው፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ደጃፉን አያልፉም። ድስታቸው ይገዛል፣ እጃቸው የነካው ምግብ ግን አይበላም። በእኔ አገርም ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ስለሚባል ነገሩ አላስገረመኝም። ትርፌ ድስቶቹን አጥር ውጭ ደርድራ ልትሄድ ስትል የሰዉን ብዛት አየች። እኔ ብቻዬን ከጭሱ ጋር ስታገል አየችኝና፣ «ቲቸር፣ ላግዝሽ?» አለች። «በእግዜር!» አልኳት። ማማሰያውን ተቀበለችኝ።

ለጥቂት ቀናት ማንም አላስተዋለም። ትርፌ ከመጋዘኑ ውስጥ ታበስላለች፣ እኔ ደጅ እቀዳለሁ። ሥራው አማረልን። ከቆላ የመጣች ዘይነባ የምትባል እናት ነበረች፤ የታዘለው ልጇ አንገቱን መያዝ ያቃተው ነበር። በዚያ ሾርባ ልጁ ዓይኑን ገልጦ ሰው ማየት ጀመረ። በየጠዋቱ፣ «ዛሬስ እንዴት አደረ?» ስላት ዞር ብላ ፊቱን ታሳየኛለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጭሱ በዛና ትርፌ አንዱን ድስት ወደ ደጅ አወጣችው። ሰልፉ ውስጥ ከነበሩት አንዷ የከተማ ሴት ጮክ ብላ፣ «ማማሰያውን የያዘችውን አያችኋት?» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። ስድብ የለ፣ ድንጋይ የለ። አንድ በአንድ ጣባቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። የተራቡ ሰዎች ናቸው እኮ! ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ደገኛውም ቆለኛውም እኩል አስቀመጡ። ዘይነባ ድስቱንም የሰዉንም ፊት አየች፤ ልጇ እያለቀሰ እሷም ጣባዋን አስቀመጠች። ወዲያው አብዛኛውን ባቄላ የሚሰጠን የእህል ነጋዴ መጣ፤ ሰው ነግሮት ኖሯል። «ወይ እሷ ትሂድ፣ ወይ እህሌ ይቁም» አለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ክፍል ውስጥ ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው። «እህሉ የሰው ነው» አሉ ሼህ በድሩ፣ እጃቸውን እያፍተለተሉ። ቄሱም፣ «ቤቷ ሆና ድስት ትሥራልን። ነፍስ ይቀድማል። ይህ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ብቻ ነው» አሉ። ነገሩ ያለቀው ለመናገር ከሚወስደው ባነሰ ጊዜ ነው። ቄሱ ሊነግሯት ሲወጡ ትርፌ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ጠበቀቻቸው።

«አባ፣ አይጨነቁ» አለች። «ሌላ ሰው ታማስለው፤ ሥሩ እንዳይዝ።»

በጓሮ በኩል ሄደች። እሷ ሄዳም ግን ጣባውን ያነሣ የለም። ምግቡ በእጇ ተሠርቷላ። ድስቶቹ እየጨሱ፣ ሰዉ ዳር ዳሩን ተቀምጦ ያያል። ቄሱ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ሼህ በድሩ በበሩ በኩል መሬት ላይ የቀሩትን ጣባዎች ያዩ ነበር። በመጨረሻ፣

«አባ» አሉ፣ «ስለ አንድ በሬ ግማሽ ቀን ተከራከርን። ስለዚህች ሴት ግን ወዲያው ተስማማን።»

ቄሱ ቀና አሉ።

«እኔና እርስዎ እንዲህ በቀላሉ የተስማማንበት ነገር አለ? ወላሂ፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ቄሱ ጥምጥማቸውን አልነኩም። ከዚያ ተነሡና፣ «ጋሪ ይጠራ» አሉ።

ድስቶቹን ጋሪ ላይ ጫንናቸው። ቄሱና ሼሁ ከጋሪው ኋላ ጎን ለጎን፣ እኔ ከእነሱ ኋላ ሆነን በዋናው መንገድ ሄድን። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ያሉት ዞረው አዩን። ሙዚቃ ቤቱ ድምፁን ቀነሰ። የተራበው ሕዝብም ምግቡ ሲሄድ ምን ያድርግ፣ ባዶ ጣባውን ይዞ ተከተለ። ጋሪው በከተማው ዳር ወርዶ ትርፌ ደጃፍ ቆመ። ባሏ ወልዴ እንጨት እየጠረበ ነበር፤ መጥረቢያውን እንደያዘ ብድግ አለ። ትርፌ ወጥታ ስታየን ፊቷ ልውጥ አለ።

«የእግዜር እንግዶች ነን» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ እባክዎ ቤቴ አይግቡ። ነገ ሰው ምን ይላል?»

«የነገውን ነገ እሰማለሁ። ዛሬ አሳምመንሻል፤ ይቅር በዪን።»

ሼህ በድሩም፣ «ምግብሽን ይዘንልሽ መጣን። ከአንቺ ጋር ልንበላው ነው፣ ከፈቀድሽ» አሏት። ትርፌ ባሏን አየችው። ወልዴ መጥረቢያውን አስቀመጠና በርጩማ አወጣ።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። የቄሱ ጾም የሚፈታው ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቀትር በኋላ ነው፤ የዚያን ቀን ተረኞቹ ሌሎች ካህናት ስለነበሩ ደወሉን እዚያው መጠበቅ አለባቸው። «ሼህ፣ እርስዎ ይብሉ» ቢሏቸው፣ «ያለ እርስዎ አልበላም» አሉ። እናም ተቀመጡ። እንዲያ ያለ መጠበቅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አጥሩን ሰው ከበበው። ሼህ በድሩ የሰላት ሰዓት ሲደርስባቸው ውሃ ለመኑ፤ ወልዴ ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ አነጠፈላቸውና በዚያ ላይ ሰገዱ። ቄሱ ዳዊታቸውን ደገሙ። ትርፌ ጎመኑን እንደገና ታሞቃለች። አንዱ ከአጥሩ ውጭ፣ «አባ፣ ጾም ነው እኮ!» ሲል ቄሱ ዘለው ተነሡና፣ «ለዚህ አይደል የተቀመጥኩት!» ብለው ጮኹበት።

በመካከሉ ወልዴ፣ «የቤተ ክርስቲያኑን በር የጠረብኩት እኔ ነኝ» አለ። «የመስጊዱንም መስኮት እኔ ነኝ። ከውስጥ ምን እንደሚመስሉ ግን አላውቅም።» ያለው በቅሬታ አይደለም፤ ለእንግዳ ጨዋታ እንደሚያመጣ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ አንዱ የአንዱን ፊት ማየት አቃታቸው።

ደወሉ ሲደወል ትርፌ እጃቸውን አስታጠበች። ቄሱ በስመ አብ ብለው፣ ሼሁ ቢስሚላህ ብለው ቆጮውን ቆረሱ። ወልዴና ትርፌ ከገበታው ካልቀረቡ አንበላም ስላሉ ሁለቱም ቀረቡ። እኔም ቀረብኩ። ሼህ በድሩ ጎመኑን አላመጡ፣ አላመጡና አጥሩ ጋ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣

«አባ» አሉ፣ «እኔ እንዳልኩት ነው። ቅቤ ጎድሎታል!»

መጀመሪያ የሳቀችው ትርፌ ናት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት። ሳቁ ገና ሳይበርድ ዘይነባ በአጥሩ በር ገባች። ልጇን ወደ ፊት አዙራ አቅፋ፣ ጣባዋን ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ ትርፌ ዘረጋች። «እህቴ፣ ለልጄ ቀርቷል?» አለቻት። ትርፌ ተነሥታ ሞላችላት። ከዘይነባ ኋላ አንድ ሽማግሌ ገባ፣ ከዚያ ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ። ሁሉም ገቡ ብል ውሸት ይሆናል። ባዶ ጣባቸውን እንደያዙ የተመለሱም ነበሩ፤ እስከ መጨረሻው ያልመጡ።

ነጋዴው እንዳለው እህሉን አቆመ። ሾርባው ቀጠነ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቄሱን ጠርተው ወቀሷቸው። ለዚያ ዓመት ዒድም የሼህ በድሩ ዘመዶች ቤታቸው አልመጡም፤ ቄስ ወልደ ሰንበት ግን ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጥላቸውን ዘርግተው ሼሁ ቤት ሄዱ። ዒዱ ከመድረሱ በፊት ግን አንድ ቀን የነጋዴው ሚስት ባሏ ሱቅ መሄዱን ጠብቃ በጓሮ በር አንድ ጆንያ ባቄላ ላከችልን። በሌላውም ሳምንት ላከች። «ባሌ እንዳይሰማ» ትላለች። ባሏ እንደሰማ ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ እሱም ሱቁ የሚሄድበትን ሰዓት አልቀየረም። ትርፌ ከዚያ ቀን በኋላ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሁሉ እያያት ነው ያበሰለችው። የትኛውን እምነት እንደምትከተል ሁለቱም ሲጠይቋት አልሰማሁም።

ዝናቡ መጣ። ሰዎቹ ዘር ይዘው ወደ ቆላቸው ወረዱ፤ ዘይነባ ልጇ ከጀርባዋ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝልን ትዝ ይለኛል። እኔ አግብቼ ወልቂጤ ገባሁ። ባሌ የመንገድ ሥራ ሰው ነበር፤ የቸሃን አገር ከላይ እስከ ታች አብረን ዞርን። ሁለተኛ ልጄን አታት ሆስፒታል ወለድኩ፤ ትርፌ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ አረሰችኝ። ወልዴ የቤተ ክርስቲያኑን በር ከውስጥ አየው፤ የመስጊዱንም መስኮት ሼሁ ራሳቸው እጁን ይዘው አሳዩት። «እንደ ውጭው ነው» አለኝ ሲያጫውተኝ፣ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያርፍ ዕድር ድንኳኑን ይዞ ወደዚያ መንደር ወረደ፤ ከዚያ በፊት ወርዶ አያውቅም። ቄስ ወልደ ሰንበት አርጅተው ቡኢ አጠገብ በትውልድ ቀያቸው አረፉ። ሼህ በድሩ በቀብሩ ቀን በዝናብ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤ ሰው አስገባቸው።

ሼህ በድሩም ባለፈው ክረምት ሄዱ፤ ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይተው። ጉልበቴ ቢያመኝም ልጄ በመኪና ወሰደኝ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ሴቶቹ ጋ ስገባ ትርፌን ከሼሁ ሴት ልጆች መሐል ተቀምጣ አገኘኋት፤ «እናታችን» ይሏታል። ጥርሷ አልቋል፣ ሳቋ ያው ነው። ጎረቤት ለለቅሶ ቤት ምግብ ያመጣ የለ፣ እሷም ጎመንና ቆጮ አምጥታ ኖሯል። አጠገባችን የተቀመጠች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጥፍሯን የተቀባች ቆንጆ ልጅ፣ ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ትበላለች። ጨረሰችና ቀና ሳትል፣ «እማማ ትርፌ፣ ትንሽ ይጨመርልኝ፣ በጣም ይጣፍጣል» አለች። ትርፌ ጨመረችላት።

ስለዚያ ቀን ለልጅቷ ልነግራት ፈለግሁ። ስለ ጋሪው፣ ስለ ደወሉ፣ ይህች እጅ የነካችውን ላለመብላት የተራበ ሕዝብ ጣባውን መሬት እንዳስቀመጠ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ትርፌ ጭኔን በእጇ ጫን አደረገችኝ።

«ተይ ቲቸር» አለችኝ። «ትብላ።»